በበዓል የጮኸ ወፍጮ

ሁለተኛው ርችት ሲፈነዳ ውሻው አልጋ ስር ገብቶ ነበር። ሶስና መሬት ላይ በደረቷ ተኝታ እጇን ሰደደችለት። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን ዘግታለች፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፋለች፤ ጋቢ አልብሳዋለች፤ የስልኳን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ለቃዋለች። አንዱም አልረዳም።

የእንቁጣጣሽ ምሽት ነው፤ ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል። የእንጅባራ ልጆች ግን እስኪጨልም የሚጠብቁበት ትዕግስት ከየት ይምጣ!

ውሻው ስሙ ዱቄት ነው። ትናንት በዋዜማው በርችት ደንግጦ ገመዱን በጥሶ አጥር ዘለለ፤ ሊይዘው የሞከረውን የጎረቤት ልጅ የእንዳልካቸውን ሱሪም ቀደደ። ጠዋት የእንዳልካቸው አባት ጋሽ ገበየሁ መጡና ሳይቀመጡ የሶስናን እናት፣ «እህተማርያም፣ ይኼ ውሻ ዳግመኛ ከግቢ ከወጣ መድኃኒት ነው የሚቀምሰው። ሰፈሩ ተስማምቷል» ብለዋት ሄዱ። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። አምና ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ በሥጋ ተደርጎ ሲሰጥ ሶስና አይታለች፤ እስከ ዛሬም ከዓይኗ አልጠፋም።

ከሰዓት በኋላ እንዳልካቸውን ርችት እንዳይተኩስ ለምናው ነበር። ርችቶቹን በክንዱ ታቅፎ ነበር ያገኘችው።

«ሶሲ፣ አታካብጂ! ርችት እኮ ነው፣ ቦምብ አይደለም።»

«እሱን ለውሻው ማን ይንገርልኝ?» ስትለው ሳቀባት።

ሦስተኛው ፈነዳ። ዱቄት ከአልጋ ስር ወጥቶ በሩን ይቧጥጥ ጀመር። ጥፍሩ ደማ። ሶስና በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ጉልበቱ ግን ከእሷ ይበልጣል። ከአሁን በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ቢፈነዳ በሩን ገንጥሎም ቢሆን ይወጣል። ከወጣ ደግሞ አለቀለት።

ይኼ ውሻ በሕይወቱ ምንም የማይፈራበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው፤ ወፍጮ ቤቱ። አባቷ ከአዘና ገና ቡችላ ሳለ አምጥቶት ያደገው እዚያው፣ ከሚጮኸው ሞተር ሥር ነው። የክረምት መብረቅ እንኳ አይቀሰቅሰውም ነበር። ጥቁር ውሻ ሆኖ ሳለ ዱቄት የተባለውም ሁልጊዜ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ ነው። አባቷ ሰኔ ላይ ሲሞት ወፍጮ ቤቱ ተቆለፈ። ክረምቱ ውሻውን አጠበውና የገዛ ቀለሙ ወጣ። እናቷም ጥቁር ለበሰች።

በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ግን ማን ወፍጮ ያስነሳል? አባቷ በበዓል ወፍጮ ቤቱን መጥረግ እንኳ አይወድም ነበር። ደግሞ የሐዘን ቤት ነው። ሰው ምን ይላል?

ቁልፉን ከምስማሩ አወረደች። ውሻውን በገመድ እየጎተተች ግቢውን አቋረጠች። ወፍጮ ቤቱ የሻጋታ ሽታ ይሸታል። «ባዶውን ስታስነሺ መጀመሪያ ድንጋዮቹን አላቅቂያቸው፤ አለዚያ እርስ በርስ ይበላላሉ» ይላት ነበር አባቷ። አላቀቀቻቸው። ከዚያ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋችው።

ሞተሩ አቃሰተ፤ ቀጥሎ ጮኸ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። በበሩ ስንጥቅ የአራተኛው ርችት ብርሃን ታየ፤ ድምፁ ግን አልተሰማም። ዱቄት ጆሮውን አቆመ። ዞር ዞር አለና ጥግ ላይ ተኛ፤ አፍንጫውንም እግሮቹ ላይ አሳረፈ። ሶስና አጠገቡ ቁጭ አለች። አባቷ ናፈቃት። በቀብሩ ቀን እንኳ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች፤ ለነገሩ ማንም አይሰማትም።

ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ በባዶ እግሯ። ለአፍታ ዓይኗ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ፈለገ። ከዚያ ሶስናን አየችና ፊቷ ዳመነ።

«አጥፊው! በቅዱስ ዮሐንስ! ምን ነክቶሽ ነው?»

ሶስና ወደ ውሻው ብቻ አመለከተች። እናቷ የተኛውን ውሻ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ሞተሩን ሳታጠፋ ወጣች።

ወዲያው የግቢው በር ተደበደበ፤ ሶስና ወደ ወፍጮ ቤቱ በር ስንጥቅ ተጠጋች። በወፍጮው ጩኸት ላይ ለመሰማት ሁሉም ይጮሃሉ፤ ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

«እህተማርያም! ባልሽ ባይኖር እግዜር የለም? በዓል ይሻራል?» ይላሉ ጋሽ ገበየሁ።

«እኔ ነኝ ያስነሳሁት!» አለች እናቷ። «ልጄ አታውቅም። እኔን ይውቀሱኝ።»

ሶስና ፊቷ ጋለ። እናቷ በበዓል መርፌ ይዛ አታውቅም፤ ዋሽታም አታውቅም። አሁን ሁለቱንም በአንድ ምሽት ተሸከመችላት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ እንዴት እንደሚያዩዋት ሶስና ታውቃለች። እዚህ ቁጭ ብትል ደግሞ ማንም አይጠይቃትም።

ተመልሳ እጇን ውሻው ጎን ላይ አሳረፈች። ትንፋሹ ረጋ ብሏል። ገመዱን ለቀቀችው፤ ሞተሩን እንደበራ ትታ ወጣችና በሩን ከውጭ ቀረቀረችው። ከአጥሩ በላይ ሰማዩ ቀላ። ግቢውን አቋርጣ ሄደች፤ እናቷ አጠገብም ቆመች።

«ጋሽ ገበየሁ!» አለች የቻለችውን ያህል ጮኻ። «እማ አይደለችም። እኔ ነኝ። ርችቱ እስኪያልቅም አላጠፋውም።»