ንጉሡ ሠ

«እሳቱን አድርጊበት» አለ ኃይለሚካኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ለማተሚያ ቤቱ ደንበኛ ነው። ለእሷ ግን አለቃዋ። የአማን ከተማ ሰው መክሊት ብሎ የሚያውቃት ሰላይ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

የምትሠራው ሰሌዳ «እንኳን በሰላም መጡ» ይላል፤ በቴፒ መንገድ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ይቆማል። እሳቱ ሰ ካለበት መንገዱ ሰላም ነው፣ ባልደረባዋ ሬድዋን ይገባል። ንጉሡ ሠ ካለበት ወጥመድ አለ፣ ይመለሳል። ሁለቱን ፊደል የማያምታታ ስለሌለ ማንም አይጠረጥርም። ሬድዋን በቡና ጭነት ሥር የጦር መሣሪያ የሚያዘዋውረውን የከፈለኝን ድምፅ ቀድቶ በአይሱዙ እያመጣ ነው።

አለቃዋን በዓይኗ ሸኘችው። መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ይጠብቀዋል።

ከፈለኝ።

አለቃዋ ሬድዋንን ሸጦታል!

ንጉሡን ከተለጣፊ ላስቲክ ቆርጣ ሰሌዳው ላይ ለጠፈች። ፊደሎቹን ራሷ ናት የሳለቻቸው፤ ወፍራምና ጠባብ፣ ከሚበር አይሱዙ ላይ የሚነበቡ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አስረስ ሰሌዳውን ይዘው ቀደሙ። ከተማው መግቢያ ስትደርስ ተሰቅሏል።

በእሳቱ ሰ።

«ጋሼ! ምን አደረጉ?»

«አረምኩልሽ እንጂ! ሰላም በንጉሡ ይጻፋል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፤ የፊደል ስህተት ካዩ ምሳ አይበሉም። የላጡት ሠ መሰላሉ እግር ላይ ተለጥፏል። ነጥቃው መሰላሉን ወጣች። ከኩርባው ማዶ የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማ። እሳቱን በጥፍሯ ፋቀች፤ ጥፍሯ ተሰበረ። በሌላ ጽሕፈት ንጉሡ ሠ ሰፊ ነው፤ የእሷ ግን እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተጠጋግቶ በእሳቱ ቦታ ልክ ገባ።

አይሱዙው ብቅ አለ።

ዘገየ።

ቆመ።

ከዚያ ጭቃውን እየረጨ ዞረ።

ወዲያው የኃይለሚካኤል መኪና ደረሰ። «ይህን የለጠፈው ማነው?» አለ ወርዶ።

መክሊት ከመሰላሉ ወረደች። ጋሽ አስረስ የተሰበረ ጥፍሯን አዩ። ደንበኛው በፊደል ስህተት የተቆጣ መስሏቸዋል።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ዓይኔ ደክሟል።»

ኃይለሚካኤልና ከፈለኝ ክንዳቸውን ይዘው መኪናው ውስጥ አስገቧቸው። እሷ ዝም አለች። አፏን ብትከፍት ሬድዋን ያመለጠበትን መንገድ ከአንጀቷ ያወጡታል። እውነቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ፈርታ ነበር።

«መክሊት!» አሉ በመስኮቱ፣ «እስክመለስ አርሚው!»

ከአማን ሸሽታ የቦንጋ ሚኒባስ ውስጥ ሳለች ስልኳ ነዘረ፤ ሬድዋን ነው። «ቡናው በማሻ በኩል ወጥቷል።» የተቀዳው ድምፅ የታመነ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ጋሽ አስረስ የት እንደተወሰዱ ግን የሚነግራት የለም። ሲም ካርዱን አውጥታ ወረወረችው።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ስሟን ጠየቀቻት።

«ማናልሞሽ» አለች፤ መክሊት አማን ቀርታለች። ድምጿ ስላልወጣ ደግማ መናገር ነበረባት።