ስክሪኑ ላይ የቀረው ዓይን

ይሄ ከሰው አፍ የለቀምኩት ወሬ አይደለም። እህቴ ላይ የደረሰ ነው... መጨረሻውን ደግሞ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ያላመነ አይመን፣ አልፈርድበትም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል ነው። ጠራራ ፀሐይ። የቀትር ጋኔን ይወጣል የሚባልበት ሰዓት።

ቦታው የዓይን ክሊኒክ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ጨለማ ክፍል።

እህቴ እዚያ ነርስ ናት። ሥራዋ አንድ ማሽን ነው። በሽተኛው አገጩን ያስደግፋል፣ አንድ ዓይኑ ይሸፈናል፣ በሌላው ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ያፈጣል። ብልጭ የምትል ነጥብ ባየ ቁጥር በእጁ የያዛትን በተን ይጫናል። ቀጭ። ካላየ ዝም። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ዓይንን ከዳር ጀምሮ በዝምታ ሲበላ የሚያዘው እንዲህ ነው።

እሷ ደግሞ ከማሽኑ ጀርባ ትንሽ ስክሪን አለቻት። የበሽተኛው ዓይን እዚያ ላይ ተልቆ ይታያታል... ወዲያ ወዲህ እንዳይል ትጠብቀዋለች።

ያን ቀን ሁሉም ምሳ ወጥቷል። እሷ አልወጣችም። ምግብ በየት በኩል ይውረድላት?

ጠዋት አምና የመረመረቻቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ተመልሰው መጥተው ነበር።

«ልጄ፣ ግራ ዓይኔ እኮ ጠፋብኝ» አሏት እጇን ይዘው። «አምና ደህና ነው ብላችሁኝ...»

እህቴ ክው አለች።

አምና ምን ሆነ መሰላችሁ... ወረፋው በር ላይ ይጋፋል፣ እሷ ውሃ መጠጫ ጊዜ እንኳን አጥታለች። የሴትየዋን ግራ ዓይን ሸፍና ቀኙን መረመረች። ከዚያ ማሽኑን «ግራ» ላይ አደረገችው።

መሸፈኛውን ማዛወር ግን ረሳች።

ያው ቀኝ ዓይን ሁለቴ ተመረመረ። ማሽኑ አንድ ነገር ልክ አይደለም እያለ ተነጫነጨ። «ቀጥል» የሚለውን ነክታ ዝም አሰኘችው።

ሲያልቅ መሸፈኛውን ስታነሳ ገባት። መልሳ አስቀምጣ ግራውን ልትመረምርላቸው ይገባት ነበር። ነገ እደውልላቸዋለሁ አለች። ነገ ነገን እየወለደ ዓመት ሞላው።

ሐኪሙ ጠዋት የአምናውን ውጤት አገላብጦ፣ «አምና ንጹሕ ነበር፣ ይሄ ድንገት የመጣ ነው» አለ። «ከጭንቅላት ሊሆን ይችላል፣ ይታይ። ቀኙ ምንም አይልም፣ ከስድስት ወር በኋላ እናየዋለን።»

ድንገት እንዳልመጣ የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት። ግራውን የበላው ነገር ቀኙንም እንደማይምር፣ የዓይን ጠብታው ዛሬ ካልተጀመረ ስድስት ወር ብዙ እንደሆነ ታውቃለች። ለሐኪሙ ግን አልነገረችውም። ከሥራ እንዳትባረር ፈራች።

እናም በምሳ ሰዓት ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ ራሷን ትረግማለች።

ቀጭ...

ቀና አለች። የበሽተኛው ወንበር ባዶ ነው። በተኗ መንጠቆዋ ላይ ተንጠልጥላለች።

ስክሪኑ ግን በርቷል።

ዓይን አለበት። ያረጀ ዓይን። ሽፋሽፍቱ ነጭ።

ተርገበገበ...

እህቴ ብድግ አለች። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ በቀኝ ዓይናቸው ብቻ እያዩ ጨርቅ ይዘመዝማሉ።

«እማማ... አሁን ገብተው ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«የት ልጄ?»

«ውስጥ።»

«እኔ? ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም። ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ተመለሰች። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ምርመራ ጀምሯል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «ግራ» ይላል።

ብልጭ... ዝም።

ብልጭ... ዝም።

አንዴ እንኳን ቀጭ አላለም።

ከዚያ ጽሑፉ «ቀኝ» ሆነ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ...

ቀጭ...

እየዘገየ ሄደ... ቆመ።

እህቴ በሩጫ ሐኪሙ ቢሮ ገባች። እያለቀሰች ሁሉንም ዘከዘከችለት።

ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው አትንገሪ። ጠብታውን ዛሬ አስጀምራቸዋለሁ። ነገሩ በዚሁ ይለቅ።»

ጠብታው ተጀመረ። ቀኙ ዓይን እስካሁን አለ፣ ተመስገን ነው። ግራቸውን ማን እንዳጠፋው ግን ለሴትየዋ የነገራቸው የለም።

ይባስ ብሎ ለእህቴ ስጦታ ይዘውላት መጡ። በእጃቸው የሰፉት ጥቁር የዓይን መሸፈኛ።

«የእናንተው ያሳክካል» አሏት። «ቀኜን ያተረፍሽልኝ አንቺ አይደለሽ? ከወለድኩት ትበልጪብኛለሽ።»

አመስግና ተቀበለች። ምን ታድርግ? ይሄን ሁሉ የነገረችኝ መሸፈኛውን የተቀበለች ዕለት ቤት መጥታ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልላ ነው።

«ንገሪያቸዋ» አልኳት።

«ነገ» አለችኝ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ልጠይቃት ሄድኩ። ጨለማዋ ክፍል ውስጥ፣ በሽተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አገጯን አስደግፋለች። ቀኟን በዚያ ጥቁር ጨርቅ ሸፍና በግራዋ አፍጥጣለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ቀስ በል... ሂድና ስክሪኑን እይልኝ።»

ዞሬ ጎንበስ አልኩ።

እህቴ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ሽፋሽፍቷ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ነው።

እንባ ሞልቶት ነበር... ሲፈስ አየሁት። ቀና ብዬ የእህቴን ፊት አየሁ። ደረቅ ነው።

«የማን ነው?» አለችኝ፣ ሳትንቀሳቀስ።

የልብስ ሰፊዋ ዓይን መሆኑ ገብቶኛል። ምን ልበላት?

«ያንቺ ነው» አልኳት።

መንጠቆው ላይ የተንጠለጠለችው በተን... ማንም ሳይነካት...

ቀጭ አለች።