ለአምሳያዋ የተነገረ መርዶ

በይመኙሻል ላይ ልትመሰክር የቀረበችው ዋና ምስክር ራሷ ይመኙሻል ነበረች። በችሎቱ ግድግዳ ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ቆማ፣ ነጠላዋን በወጉ ጣል አድርጋ፣ ታዳሚውን ፈገግ ብላ ታያለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ በጨው ሜዳው ላይ በተሠራችው በኅብር ከተማ ግን እንዲህ ያለው ነገር ጉድ መባሉ ከቀረ ቆይቷል። እያንዳንዱ ነዋሪ አምሳያ አለው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ድምፁና ትዝታው ተቀድቶ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ፣ እንደ ባለቤቱ የሚያስብና የሚናገር ምስል ነው። ማንነት ያከራከረ እንደሆነ ሕጉ የሚያምነው አምሳያውን ነው።

ክሱ የማንነት ስርቆት ነው፤ ቅጣቱ አሥር ዓመት። ይመኙሻልን ያንገበገባት ግን እስሩ አልነበረም። አንድ ልጇ ምትኩ በጥር ወር የጨው ማጣሪያው ማሽን ይዞት ሞተ። መርዶውን የሰማች ቀን ጮኸች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ጮኸች። በአራተኛው ቀን አስከሬኑን ልትረከብ ሆስፒታል ስትሄድ፣ በሩ ላይ ያለው የድምፅ ሚዛን፣ ማለትም የተናጋሪውን ድምፅ ከመዝገቡ ጋር የሚያስተያየው መሣሪያ፣ "ይህች ሴት ይመኙሻል አይደለችም" አለ። ሐኪሞቹ የድሮ ድምፅዋ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነገሯት። ልጇ ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ ከማቀዝቀዣው ክፍል አልወጣም። እናቱ ካልፈረመች አይቀበርም።

"ከእኛ ጋር ሃያ ዓመት የኖረች ናት፤ እሷ ካልሆነች ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብለው ጎረቤቷ እትዬ ፈለቀች ማሉ። ዳኛው አቶ አጥናፉ ራሳቸውን ወዘወዙ። የሰው ዓይን ይሳሳታል ተብሎ እንዲህ ያለው ምስክርነት ከሕጉ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ዐቃቤ ሕጉ ወደ መስታወቱ ዞረ። "ይህችን ሴት ያውቋታል?"

"አላውቃትም" አለች አምሳያዋ፣ በዚያ በድሮው ጥርት ባለ ድምፅ። "እኔ እንዲህ ተጎሳቁዬ አላውቅም። ካላመናችሁ ልጄን ምትኩን ጠይቁት፤ ለፋሲካ ይመጣል።"

በችሎቱ ያለ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። የልጇን ሞት የነገራት አልነበረም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ዛሬ ነገ ሲሉ፣ አንዱ በሌላው ሲያመካኝ ሁለት ወር አለፈ። መርዶ ነጋሪ መሆን የሚወድ የለም።

ጠበቃዋ ቢተው ጎንበስ አለላት። "እትዬ ይመኙሻል፣ ልጁ መሞቱን አሁኑኑ ልንገራት። ስታለቅስ ድምፅዋ እንደ እርስዎ ይሆናል፤ ያኔ አንድ መሆናችሁ ይታወቃል።"

"በደረቁ?"

"ምስል ናት እኮ!"

"እናት ናት" አለች ይመኙሻል። "መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ልጄ። እኔው እነግራታለሁ።"

ወጉ በንጋት ነበር፤ አሁን ግን ረፋድ ሆኗል። ቢሆንም ዳኛውን አስፈቅዳ፣ ጎረቤቶቿን ከኋላዋ አስከትላ ወደ መስታወቱ ቀረበች።

"እህቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አለቻት።

አምሳያዋ አልተቀመጠችም። ዓይኗ ይመኙሻል ዘቅዝቃ በለበሰችው ነጠላ ላይ ዋለ፤ ከዚያ በዝምታ ወደቆሙት ጎረቤቶች ሄደ። ባሏ የሞተ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች በማለዳ ተሰብስበው በሯን ሲያንኳኩ ታስታውሳለች።

"ምትኩ ነው?" አለች።

"ምትኩ ነው።"

አምሳያዋ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ደረቷን እየደቃች "ልጄን! ልጄን!" ብላ ጮኸች፤ ይመኙሻልም አብራት ጮኸች። በእነዚያ ሁለት ወራት ሊያጽናናት ያልመጣ አልነበረም፤ የእሷን ያህል ያለቀሰላት ግን ይህች ብቻ ናት። ቆይቶ የአምሳያዋ ድምፅ ሻከረ፣ ተሰነጠቀ፤ በመጨረሻም የትኛዋ እንደምትጮኽ መለየት አቃተ።

ቢተው ዘሎ ተነሣ። "ክቡር ዳኛ፣ ይስሙ! አንድ ድምፅ ነው! አንዲት ሴት ናት!"

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን የድምፅ ሚዛን አዩት። ሁለት ቀይ መብራት በርቷል። ሚዛኑ የሚያውቀው መስከረም ላይ የተቀዳችውን፣ ልጇ ያልሞተባትን ሴት ብቻ ነው።

"የሁለቱም ድምፅ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም" ብለው አነበቡ፣ ቀና ሳይሉ። "አምሳያዋም ሐሰተኛ ሆና ስለተገኘች ትሰረዝ። ተከሳሽ ጥፋተኛ ናት። ትክክለኛዋ ይመኙሻል እስክትገኝ ድረስ አስከሬኑ ባለበት ይቆይ።"

"እግዜር ያጽናሽ" አለች ይመኙሻል ወደ መስታወቱ።

"አንቺንም…" አለች አምሳያዋ። መስታወቱ ጨለመ።

ፖሊሱ ክንዷን በቀስታ ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ልጄን ማን ይቀብርልኛል?" አለችው።

አንጀቱን በላችው። ክንዷን ለቀቅ አደረገላት።

"እናቱ ስትገኝ ትቀብረዋለች፣ እናቴ" አላት።