«አሁን የት ነኝ?»

ስሙኝማ፣ እኔ ሰው «መንፈስ አየሁ» ሲለኝ «ምሳ በልተሃል?» ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ፣ አሁንም የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ ባታምኑኝም አልቀየምም።

አራዳ ባለችው ቢሯችን የአብነት መምህራንን ዜማ እየቀዳን እናስቀምጣለን። ኮምፒውተሩን የምናዘው ጥቁር መስኮት ላይ እየጻፍን ነው፣ ወደ ላይ የምታሳየዋን ቀስት ስትጫኑ ቀድሞ የጻፋችሁት ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ለመድገም ማን እንደኔ፣ ቀስት፣ ኢንተር፣ አለቀ። ባልደረባዬ ጌታነህ ግን የቆሎ ተማሪ ነበረና ምንም ነገር ከማጥፋቱ በፊት «ፒ ደብሊው ዲ» ብሎ ይጽፋል፣ «አሁን የት ነኝ?» ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩም ያለበትን ፎልደር ይነግረዋል።

«የትናንቱን ትምህርት ደግሜ ሳልቀጽል ወደ ዛሬው አልፌ አላውቅም፣ አንቺ ምነው እንዲህ ትቸኩያለሽ?» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቱ የኔታ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ፣ ልጃቸው ከሳቸው ጋር ሲያዜም የተቀዳውን በፍላሽ እንድሰጣቸው። ሌላ ቅጂ የለውም፣ የልጁ ድምፅ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። መኖሩን አየሁና ፍላሿ ሞልታ ስለነበር ላጸዳት ብዬ፣ ያለሁበትን ፎልደር ባዶ የሚያደርገውን፣ ጠዋት የጻፍኩትን የማጥፊያ ትእዛዝ ልደግም ቀስቷን ተጫንኩ።

«ፒ ደብሊው ዲ» መጣ። እኔ እሱን ጽፌ አላውቅም፣ እመኑኝ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ያው ነው፣ ጣቴን ሳላነሳ ያዝኩት፣ ያው ብቻ ነው የሚመጣው፣ የማጥፊያው ትእዛዝ የት እንደገባ እንጃ። የኔታ ከኋላዬ «ምነው ልጄ፣ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። በንዴት ኢንተርን መታሁት።

ኮምፒውተሩ እንደነገረኝ፣ ያለሁት ፍላሿ ውስጥ አልነበረም። ቅጂውን ለማየት የገባሁበት የጌታነህ ፎልደር ውስጥ ነበርኩ፣ መውጣቱን ረስቼዋለሁ። ያ ትእዛዝ እንደልማዴ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የልጃቸውን ድምፅ አባቱ እያዩ አጠፋው ነበር። ከዚያ ወጥቼ፣ ትእዛዙን በእጄ ጽፌ ፍላሿን አጸዳሁና ድምፁን ገለበጥኩላቸው። ከዚያ ቀስቷን ብጫን የጠዋት ትእዛዞቼ በየቦታቸው አሉ፣ ያ ቃል ግን የለም፣ አሁን ያስገባሁት እንኳ የለም።

መሸሸግ አልቻልኩም፣ ለየኔታ ነገርኳቸው፣ ጌታነህ ጠበቀኝ ብዬ፣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ «አሁን የት ነኝ?» ማለት ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ታዲያ መለስሽለት?» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ገና ምንም ያልተጻፈበት፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ ቀስቷን ነካኋት፣ ባዶ መሆን ነበረበት። ቃሉ መጣ። ኢንተርን አልተጫንኩም፣ እስካሁን ክፍቱን ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ኮምፒውተሩ ለጌታነህ የት ነህ ብሎ እንደሚመልስለት ማየት ፈራሁ።