ቁልፍ ላይ ነኝ

ልጅቷ ያደገችው በሁለት የልብስ ስፌት መኪናዎች መሃል ነው። አንደኛው ከመጋረጃው ጀርባ፣ የእናቷ፤ ሌላው በሩ አጠገብ፣ የእሷ። የእሷ ዝም ካለ ከመጋረጃው ጀርባ ወዲያው «ምነው ቆመ?» ይባላል። ጭቅጭቅ የማያመጣው ዝምታ አንድ ብቻ ነበር፤ ቁልፍ በእጅ ሲሰፋ።

አባቷ ከሙዚቀኞች ጋር እንደወጣ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። ታዲያ ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ቁርጥራጭ ስትፈልግ፣ ጥሎት የሄደውን አሮጌ አኮርዲዮን አገኘች። ታቀፈችው። ወናፉ ካልተዘረጋ ድምፅ የለውም፤ ቢሆንም ጣቶቿ ነጩና ጥቁሩ ላይ ሲያርፉ ነፍሷ ሐሴት አደረገች።

«ምነው ቆመ?»

«ቁልፍ ላይ ነኝ፣ እማዬ!»

ውሸትም አይደል። የአኮርዲዮኑም ቁልፍ፣ ቁልፍ ነው።

እንዲህ እያለች ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። ከመንገድ የሰማችውን ዜማ በጣቶቿ አሳድዳ ትይዘዋለች፤ አንዱንም ግን በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም። አንዳንዴ ደረቷ ውስጥ የታፈነው ሁሉ መተንፈሻ ያሳጣታል።

አንድ ቀን የጎረቤት ላውንደሪ ልብስ ተኳሽ፣ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ይዞ ሲገባ እጅ ከፍንጅ ያዛት።

«ድምፁ የታለ?» አላት በሹክሹክታ።

«እማዬ ትሰማለች።»

ጣቶቿን አየ። ዓይኖቿን አየ። ከዚያ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ላውንደሪ ሸሚዞች ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ቁልፍ ያራግፉ ጀመር። እሱ መርፌ ጣቱን እየወጋው ይሰፋል፤ እሷ ከፊት ለፊቱ ያለ ድምፅ ትጫወታለች። የሚነጋገሩት ጥቂት ነው። ቀና ሲሉ ግን ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሥራቸው ይጠፋባቸዋል።

የወንድ ልጅ ስፌት አሳበቀባቸው። አንድ ደንበኛ፣ ቁልፉ በማግስቱ የረገፈ ሸሚዝ ይዞ በጓሮው በር ወደ እናትየዋ መጣ። እናት ክሩን ዳበሰችው።

«ይሄ የልጄ እጅ አይደለም!»

መጋረጃው ተገለጠ። እሷ አኮርዲዮን ታቅፋ፣ እሱ መርፌ ይዞ፣ ሁለቱም ክው አሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ቁልፎቹን የምበጥሰው እኔ ነኝ።»

«ምን በወጣህ?»

«እወዳታለሁ።» መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካ። «እንድትጫወት ብዬ ነው።»

እናት ወደ እሱ እንኳ አልዞረችም። ዓይኗ አኮርዲዮኑ ላይ ነው። «አባትሽም እንዲሁ ነበር የሚያቅፈው። አንቺም ጥለሽኝ ትሄጃለሽ።»

«የትም አልሄድም፣ እማዬ። እዚሁ በሩ አጠገብ ነኝ። ግን ታፈንኩ!»

እናት መጋረጃውን ዘግታ ተመለሰች፤ መኪናዋም መንኳኳት ጀመረ።

«ዘርጊው» አላት ወጣቱ፣ እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ።

ዘረጋችው። ወናፉ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ከዚያ ስንት ዘመን በጣቶቿ ብቻ ታውቀው የነበረው ዜማ ቤቱን ሞላው። እንባዋ መጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መኪና ቀጥ አለ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«እማዬ? ምነው ቆመ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ቁልፍ ላይ ነኝ። ቀጥዪ።»