ያልተነበበው ቁጥር

መርማሪ ፕዮ ሱክ-ሂ ዴጆን ከተማ ከሚገኘው የጋዝ መለኪያ ሴንሰር ቤተ ሙከራ ስትደርስ የቦንግ ኡ-ጂን አስከሬን ገና አልተነሳም ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ናይትሮጅን ሲሞላበት ያደረ ክፍል ውስጥ ገብቶ ታፍኖ ሞቷል። የውስጡን አየር እየለካች ኦክስጅን ሲያንስ እንድትጮህ በሩ ላይ የተሰቀለችው ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ትንፍሽ አላለችም። ፖሊስ አጥፍቶ በከረጢት አሽጓታል።

የመሣሪያዋን የማስተካከያ ምስጢር ቁጥር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ የቤተ ሙከራው አለቃ ፕሮፌሰር ጉክ ቴ-ሺክና ተማሪያቸው ታክ ሶ-ራ። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሶ-ራን ከሰሱ። አስከሬኑን እንዳገኙ መሣሪያዋን መስኮት ላይ ሞክረው ሃያ አንድ በመቶ እንዳነበቡ፣ ጤነኛ እንደሆነች፣ ድምፅዋን ያጠፋችው ሶ-ራ መሆን እንዳለባት ተናገሩ። ሶ-ራ ክው አለች። በሠርጓ ቀን በሟች አባቷ ቦታ የቆሙት እኚሁ ሰውዬ ነበሩ።

ፕዮ ለብቻዋ ወስዳ ጠየቀቻት። ፕሮፌሰሩ የአንድ መጽሔት ዋና አዘጋጅ መሆናቸውን፣ ኡ-ጂን የመጽሔቱን ቁጥር ጉድ ሊያወጣ እንደነበር ሰማች።

«የምን ቁጥር?»

«የተጽዕኖ ቁጥር ነው የሚሉት። መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጥናቶች ዘንድሮ ስንቴ ተጠቀሱ? ያንን ለጥናቶቹ ብዛት ያካፍሉታል። የመጽሔቱ ልክ ነው እንጂ የማንም ጥናት ልክ አይደለም። እኛ ግን ሥራ የምንቀጠረው በሱ ነው።»

ፕዮ የተማሪዎቹን ጥናቶች አገላበጠች። ሁሉም የፕሮፌሰሩን መጽሔት በገፍ ይጠቅሳሉ፣ ያውም ያለፉትን ሁለት ዓመታት ብቻ። ከዚያ የቆየ አንድም የለም።

«ማን አዘዛችሁ?»

«እሳቸው። እምቢ ያለው ኡ-ጂን ብቻ ነው።» ሶ-ራ እንባዋን ዋጠች። «እባክዎ መሣሪያዋን ንጹሕ አየር ላይ ያብሯት። ከጠዋት ጀምሮ ስለምን የሚሰማኝ አጣሁ።»

ፕዮ የቤተ ሙከራውን ሰዎች ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበች። መስኮቱን ከፍታ መሣሪያዋን ከከረጢቱ አውጥታ አበራቻት።

«ፕሮፌሰር፣ የውጭ አየር ስንት ኦክስጅን አለው?»

«ሃያ አንድ በመቶ።»

«ይቺ ስልሳ ትላለች። ናይትሮጅን የበዛበት ሳጥን ውስጥ ከተው፣ ሃያ አንድ በመቶ ያለው ንጹሕ አየር ማለት ይሄ ነው ብለው ያስተካከሏት ሰው አሉ። ናይትሮጅን የሞላውን ክፍል ሃያ አንድ ስትለው ልጁ በሩ ላይ አይቶ፣ አምኖ ገባ። እርስዎ ጠዋት መስኮት ላይ ሃያ አንድ አነበብኩ ብለዋል። አላነበቡም። የሴንሰር ሰው ስለሆኑ ንጹሕ አየር ስንት እንደሚል በቃልዎ ያውቁታል፤ አፍዎ ላይ የመጣልዎትን ተናገሩ። ሶ-ራ አበላሽታት ቢሆን አብሯት ብላ አትለምነንም ነበር። ምስጢር ቁጥሩን የሚያውቅ ሌላ ማን ቀረ? መጽሔቱን እንዳያዋርድብዎት የፈሩትስ ማንን ነው?»

ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። ከጎናቸው የቆመ አልነበረም።

«መጽሔቱን ከፍ ያደረግኩት ለናንተ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የሶ-ራም ጥናት የወጣው እዚያ ላይ ነው።»

ሶ-ራ ጠጋ አለቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«መምህሬ፣ ጥናቴን አንብበውት ያውቃሉ?»

«የመጽሔቱ ቁጥር አራት ነጥብ ሁለት ደርሷል እኮ» አሏት።

ሶ-ራ ፊቷን አዞረች። ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወርዱም ዘወር ብላ አላየቻቸውም።