አመድ ላይ የበቀለ

ዘሊሃ በዚያ ጸደይ ጫካ የወጣችው እንጉዳይ ወዳ አልነበረም፤ ሌላ የሚለቀም ነገር ስላልቀረ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ በበጋው ሐሩር፣ ከሸለቆው ሥር እሳት ተነሥቶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቅብ እየጋለበ የመንደሩን ጥድ፣ የወይራውን ማሳ፣ ከቤቱም እኩሌታውን በላ። ቤቱ የነደደበት ሰው የብርዱን ወራት መንግሥት በሰጠው ኮንቴይነር ውስጥ አሳለፈ። ሚያዝያ ሲገባ ዝናብ በጠጣው አመድ ላይ፣ በከሰሉት ግንዶች ሥር፣ «የግልገል ሆድ» የሚሉት እንጉዳይ ብቅ ብቅ አለ። ቆቡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ውስጡ ባዶ፣ መልኩ ከአመዱ የማይለይ ነው። ጫካ በተቃጠለ በዓመቱ እንዲህ ይትረፈረፋል፤ በሚቀጥለው ጸደይ ቢፈልጉት አይገኝም።

«እሳቱ ካሣ ላከልን» ይላል አባቷ በኪር። እሷ አትስቅለትም።

የዚያን ቀን በኪር አልቀርም ብሎ ተከትሏት ወጣ። ጢሱ ደረቱን ከጎዳው ወዲህ አሥር እርምጃ ሄዶ ለረጅም ጊዜ ይቆማል።

«አባዬ፣ ቤት ሁን አላልኩህም?»

«የቱ ቤት? ያ የብስኩት ቆርቆሮ? እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ከምሻግት እዚሁ ብሞት ይሻለኛል።»

«እንግዲያው ሞትህን እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቅ። እኔ ቁልቁለቱን ልይ።»

«አፍሽ የእናትሽ ነው» አለና ተቀመጠ።

የግልገል ሆድ ቆሞ ለሚፈልገው ሰው አይታይም። በጉልበት ወርዶ፣ ፊትን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ ጥላውን መፈለግ ነው። አንዱን ያገኘ ሰው ደግሞ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም፤ ወንድሞቹ እዚያው ዙሪያውን ናቸው። ዘሊሃ አንገቱ ላይ በቢላዋ እየቆረጠች፣ ጉንዳኑን እያራገፈች፣ ወደ ቅርጫቷ ትጥላለች። ከጉልበቷ በታች ጥላሸት ሆናለች። ከወዲያኛው ተረተር የተቃጠለውን ግንድ የሚጥሉት ሠራተኞች የሞተር መጋዝ ያጓራል።

ሰኞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልትወርድ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ አንሶላ ከሚታጠብበት ክፍል፣ ሥራ አግኝታለች። ሐሳቡ ደስ አላሰኛትም፣ አላስከፋትምም። መደሰትም ማዘንም ጉልበት ይፈልጋል።

ወገቧን ልታፍታታ ቀና ስትል፣ ከጎርፍ መውረጃው ማዶ ታህሲን ተንበርክኮ አየችው።

እሱም አያት። ቢላዋው በእጁ እንዳለ ቀረ። አንዳቸውም ሰላም አላሉም። እሷ ዓይኗን ወደ አመዱ መለሰች፤ እሱም መለሰ። ግን ከዚያ በኋላ አንድም እንጉዳይ አልታያትም።

ታህሲንን ያወቀችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በንቦቿ ምክንያት ነበር። ከቀፎዎቿ አንዱ መንጋ ሰድዶ፣ መንጋው ሄዶ ሄዶ የማን እንደሆነ በማታውቀው ትራክተር መሪ ላይ ሰፈረ። ባለ ትራክተሩ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ልጆችሽ መንጃ ፈቃድ አላቸው?» አላት።

እሷ ጓንት እንኳ ሳታጠልቅ መንጋውን ወደ ቅርጫት አራገፈችና፣ «ካንተ የተሻለ ይነዳሉ» አለችው። በሳምንቱ ማር ልግዛ ብሎ መጣ። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ። ማር እንደማይወድ ያወቀችው ቀለበት ካሰሩ በኋላ ነው።

ከዚያ እሳቱ መጣ። አርባ ሁለቱ ቀፎዎች የእናቷ ውርስ ነበሩ። በዚያ ቀን ዘሊሃ ከቀፎዎቹ አጠገብ መንገድ ላይ ቆማ፣ በባልዲ ውሃ እየደፋች ሳለ፣ ታህሲን በትራክተሩ ትልቅ የውሃ ታንከር እየጎተተ መጣ። ሻሿን ከራሷ ላይ ነቅላ አውለበለበችለት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ ግን ሳይቆም አልፏት ሄደ። የሄደው ላይኛው ሰፈር ነው፤ በውሃውም የአጎቱን ቤት አዳነ። «ዘመድ ሲያይ እጮኛውን ረሳ» አለ መንደሩ።

ቢያንስ ባያያት ኖሮ ይቅር ትለው ነበር። ግን አይቷታል። ቀለበቱን በእህቱ እጅ መለሰችለት፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ዝምታው ከእሳቱ ይበልጥ አቃጠላት።

አሁን ከኋላዋ ሳል ሰማች። በኪር ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሞክሮ፣ አንድ ግንድ አቅፎ እያሳለ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሮጣ ስትደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ልታነሣው ሞከረች፤ አቃታት። ደግማ ስትሞክር ሌላ እጅ ከብብቱ ሥር ገባ።

«አንቺ ቅርጫቶቹን ያዢ» አለ ታህሲን። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። «ጋሽ በኪር፣ ይውጡ።»

«አህያ ሆንክ እንዴ?»

«ለዛሬ።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ሂድ፤ አህያ አያወራም።»

ወረዱ። ታህሲን ከፊት፣ በኪር በጀርባው፣ ዘሊሃ ሁለት ቅርጫት ይዛ ከኋላ። አመዱ እየተንሸራተተ እግር አያስቆምም። የታህሲን ሸሚዝ በላብ ከጀርባው ተጣበቀ፤ ከስቷል፣ ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኗል። ይህን በማየቷ ራሷን ተቆጣች።

መንገዱ ለጥ ሲል በኪር ትንፋሹ ተመለሰ። ጉንጩን የታህሲን ትከሻ ላይ እንዳሳረፈ፣ «ዘሊሃ» አለ።

«አቤት።»

«ሰኞ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ጋሽ በኪር፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ» አለ ታህሲን ቶሎ ብሎ።

«አህያ አያወራም አልኩ!» አለና ሳለ፣ ቀጠለ። «ያን ዕለት ታችኛው መታጠፊያ ላይ አስቁሜው ነበር። ‘ስታገኛት አትቁም’ ያልኩት እኔ ነኝ። ‘ውሃውን ካገኘች ከቀፎው አትነቃነቅም፤ አንተም ከቆምክላት ሁለታችሁም እዚያው ትቃጠላላችሁ። አልፈሃት ከሄድክ ግን ተስፋ ቆርጣ ትወርዳለች’ አልኩት። እምቢ አለኝ። በሟች አባቱ አስማልኩት፤ እንዳይቆምም፣ እንዳይነግርሽም።»

የዘሊሃ እግር ቆመ።

«ወረድሽም» አለ በኪር ቀስ ብሎ። «ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቦታው ጋየ።»

እውነት ነው፤ እያለቀሰች ወርዳ ነበር። ከታች ዞራ ስታይ መንገዱ የነበረበት ቦታ ቀይ ግድግዳ ሆኖ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቀዋለች፤ ከምን ጋር እንደምታያይዘው ግን አታውቅም ነበር።

ቅርጫቶቹን መሬት አስቀመጠች።

«ስምንት ወር» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?»

«ልነግርሽ እያልኩ…» አለ በኪር። «የእናትሽ ቀፎ ነው። እኔ ነኝ ያስበላሁት ብዬ እንዴት ልንገርሽ?»

«አንተስ?» አለች ወደ ታህሲን ዞራ።

«የቀረሽ አባትሽ ብቻ ነው። እሱንም ላሳጣሽ?»

«ጀግኖች!» አለች። «መንገድ ዳር ቆማችሁ ተማክራችሁ ነፍሴን አተረፋችሁ። እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

«ጊዜ አልነበረም።»

«ከዚያ በኋላስ? ስምንት ወር ጊዜ አልነበረም?»

ታህሲን ጎንበስ አለና በኪርን ጀርባው ላይ አስተካከለው። «ነበረ» አለ በመጨረሻ። «ፈራሁ። ብቆም ኖሮ ምናልባት ቀፎዎቹ ይተርፉ ነበር እያልኩ ነው የማድረው። ከአንቺ አፍ እንዳልሰማው ፈራሁ።»

«ይተርፉ ነበር?»

«አላውቅም። ወላሂ፣ አላውቅም ዘሊሃ።»

መጋዙ ዝም ብሎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ልጆች» አለ በኪር፣ «መጣላቱን ተጣሉ፣ ግን መጀመሪያ እኔን አውርዱኝ።»

ማንም አልሳቀም። ዘሊሃ ቅርጫቶቹን አነሣችና ቀድማቸው ወረደች።

በማግስቱ ቅዳሜ ለአባቷ እንጉዳዩን በቅቤና በዕንቁላል ጠብሳ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አጋጨችው። «ብላ» አለች። ቀኑን ሙሉ የወጣት ቃል ይኸው ነበር። በኪር በላ። ጣፍጦታል፤ ግን እንዲህ ለማለት አልደፈረም።

እሑድ ጠዋት ሻሿን አሰረችና ወደ ታህሲን ግቢ ሄደች። ትራክተሩ ሥር ተኝቶ አገኘችው። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለች ለእግሩ።

ተንሸራትቶ ወጣ። ፊቱ ዘይት በዘይት ነው። «አውቃለሁ።»

«ባንተም፣ በአባዬም።»

«ይገባሻል።»

«ዝም ብለህ እሺ አትበለኝ! ተከራከረኝ እንጂ። ስምንት ወር ሙሉ ካንተ ጋር ብቻዬን ስከራከር ከረምኩ። ደከመኝ።»

ታህሲን ተነሥቶ ቁጭ አለ።

«እሺ እንከራከር» አለ። «ቀለበቱን በእህቴ እጅ ላክሽው። ራስሽ መጥተሽ ፊቴ ላይ ብትወረውሪው ኖሮ መሐላውን አፍርሼ እነግርሽ ነበር። ለእህቴ ምን ልበላት?»

«ጥፋቱ የኔ ነው እያልክ ነው?»

«ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«የመርፌ ቀዳዳ ያህል።»

ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ሊመጣ ሲል ያዘችው። አጠገቡ ከተጋደመው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ጎን ለጎን ሆነው ከማዶ ያለውን ጥቁር ተራራ አዩ። ቁመናው ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ነው።

«ለሦስት ወር በየማለዳው እዚያ ቦታ እሄድ ነበር» አለች። «ምንም ላደርግ አይደለም። እቆምና እመለሳለሁ።»

«አይሽ ነበር።»

«ከየት?»

«ከላይ፣ ከመንገዱ። እኔም ምንም ላደርግ አልነበረም።»

ዘሊሃ ዞራ አየችው። ዓይኖቹ ሥር ጥላ አለ፤ የሷንም መስተዋት ውስጥ በየቀኑ የምታየው ነው። ዘይት የነካው እጁ ጎማው ላይ አርፎ ነበር። እጇን አጠገቡ አኖረች። ጥፍሯ ውስጥ ያለው አመድ ገና አልለቀቀም። የሁለቱም ትንሽ ጣት ተነካካ፤ አንዳቸውም አልሸሹም።

«ነገ እሄዳለሁ» አለች። «ሥራውን አልተውም። እስከ ጥቅምት ነው።»

«ሂጂ። አባትሽን እኔ አያለሁ።»

«ቀለበቱም ቢሆን አሁን አልቀበልህም።»

«እኔስ መቼ ሰጠሁሽ?»

አሁን ሳቀች። አጭር ነበር፣ ከልምድ ውጭ በመሆኑም ጉሮሮዋን አሳከካት።

«በዕረፍት ቀንሽ ልምጣ?»

«በምን? በትራክተር?»

«በአውቶቡስ።»

«ና። ግን ብዙ አላዋራህም፤ ይደክመኛል።»

«እኔም ይደክመኛል። ተቀምጠን ዝም እንላለን።»

እንዳለውም አደረገ። በጋውን ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ይወርድ ነበር። ባሕሩ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ነበራቸው። እሱ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ ያቀብላታል፤ እሷ ከእንፋሎቱ የቆሰለ እጇን በነፋሱ ታበርዳለች። አንዳንዴ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ስለ እሳቱ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ዝምታው። ጭቅጭቁ በየሳምንቱ እያጠረ ሄደ። በነሐሴ አንድ ማክሰኞ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ታህሲን እንዳትነቃበት ሲል አውቶቡሱ አመለጠው። ስትነቃ ቀለበቱን ጠየቀችው። ኪሱ ውስጥ ነበር።

በኅዳር ተጋቡ። ሠርጉ ትንሽ ነው፤ አንድ ከበሮ፣ አንድ ዙርና የሚሉት መለከት፣ አንድ ትልቅ ድስት የሩዝ ፒላፍ። መንደሩ ሊጨፍር ሞከረ፣ ግን እግሩ አልታዘዝ ስላለው ብዙው ሰው ቁጭ ብሎ በላ። በጊዜ ተበተኑ።

በማግስቱ እንደ ልማዱ ሴቶቹ ትሪ ይዘው ሙሽሪትን ሊጎበኙ መጡ። በኪር በታህሲን ግቢ ደጃፍ ላይ ወንበር ዘርግቶ፣ ምርኩዙን አጋድሞ መንገዱን ዘግቶ አገኙት።

«ተኝተዋል» አለ።

«አራት ሰዓት ሆኗል እኮ!» አለች የታህሲን አክስት ሳቲ። «ሙሽራ እንዲህ ይተኛል? ነውር ነው።»

«ነውር ይሁን። እነዚህ ልጆች ከእሳቱ ቀን ጀምሮ አልተኙም። እናንተስ ተኝታችኋል?»

ሴቶቹ ተያዩ። ሳቲ ትሪዋን በግንቡ ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የኅዳር ፀሐይ ለስለስ ብላ ፊታቸው ላይ አረፈች። ትንሽ አወሩ፣ ከዚያ ወሬው አለቀ። ሳቲ ራሷን ከግንቡ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። በኪርም ጨፈነ።

እኩለ ቀን ላይ ዘሊሃ ጸጉሯ እንደተበታተነ በሩን ከፍታ ስትወጣ፣ ግቢው ደጃፍ ላይ ሰባት ሰው ተደርድሮ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። አልቀሰቀሰቻቸውም። በሩን ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችና ወደ ታህሲን ተመለሰች።